ለማላውቀው ጠብ የላክሁት ሽማግሌ

ሰው ስለ ቅናት ሲያወራ ሁልጊዜ ባልና ሚስትን ነው የሚያነሳው። ሴትየዋ የባሏን ስልክ ትበረብራለች፣ ሰውየው ሚስቱ ፀጉሯን በተሠራች ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል፤ በቃ፣ ቅናት ማለት ይኸው ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ የጀማሪ ቅናት ነው። እኔ እዚህ የካ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተቀምጬ የደረስኩበትን ቅናት ቢያዩት፣ እነዚያ ባለትዳሮች ተነሥተው ወንበር ይለቁልኝ ነበር። እኔ የቀናሁት በወንድ አይደለም። በመኪናም፣ በቪላም፣ በወርቅም አይደለም። (የጎረቤቴ የወርቅ ሐብል ጉዳይ ለብቻው ነው፤ እሱን ለጊዜው ተዉት።) እኔ የቀናሁት በወሬ ነው። ነገሩን አጥርቼ ለመናገር፣ እኔ ሳልሰማው ሌላ ሰው በሰማው ወሬ።

ከመሳቃችሁ በፊት ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ብዙነሽ እባላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እኔ ግን አልቆምኩም። በሰፈራችን እድር የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ጭልፋው ሁሉ በእጄ ነው ያለው። ይህን ሹመት የሚንቅ ሰው ካለ፣ እድር ምን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው። ድስት ልትዋስ የመጣች ሴት ድስት ብቻ ይዛ አትሄድማ! መጀመሪያ ለምን እንደፈለገችው ትነግረኛለች። «ትልቁ ይቅር፣ መካከለኛው ይበቃኛል» ካለች፣ የባሏ ዘመዶች አልተጠሩም ማለት ነው። ለምን አልተጠሩም? እስቲ አረፍ በይ። እንዲህ እያልኩ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከመሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ልጅ ጋር ፍቅር እንደጀመረች፣ ማን ካራ ሰፈር ያለውን የአባቱን መሬት ወንድሙ ሳይሰማ ሊሸጥ እንዳሰበ አውቃለሁ። ሐሜት ነው የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሐሜት ማለት የማይመለከትህን ማውራት ነው። እኔን ደግሞ የማይመለከተኝ ነገር የለም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ማህሌት የወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ሻንጣዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች። የምትማረው ሶሻል ወርክ ነው። ምንድን ነው እሱ ብዬ ስጠይቃት፣ ሰው ሲቸገር፣ ቤተሰብ ሲናወጥ፣ ልጅ ከትምህርት ሲቀር፣ ቀርቦ መስማትና አብሮ መላ መፈለግ ነው አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንዴ?» አልኳት። «እቴቴ፣ ያንቺ እንኳን ትንሽ ይለያል» አለች። ያኔ ቃሏን ልብ ብለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ትምህርቷን ቤት ይዛ ትመጣለች። መስታወት ፊት ተቀምጣ አንገቷን ስትነቀንቅ አገኛታለሁ። «ምን ሆነሽ ነው፣ አንገትሽን አሞሻል?» ስላት፣ ማዳመጥ እየተለማመድኩ ነው ትላለች። አንድ ቅዳሜ እኔን ባለጉዳይ አድርጋ ልትለማመድብኝ ፈለገች። እሺ ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና የጎረቤት አውራ ዶሮ አጥር እየዘለለ ጎመኔን እንዴት እንደፈጀው ነገርኳት። «እህ» አለች። «ያ ሲሆን ምን ተሰማሽ?» ምን ይሰማኛል፣ ድንጋይ አነሣሁ እንጂ! «ድንጋዩን ስታነሺ ምን እያሰብሽ ነበር?» ዶሮውን ነዋ!

አሁን ይህ ማዳመጥ ይባላል? በእኛ አገር የሚያዳምጥ ሰው «ወይ ጉድ!» ይላል፣ «በሞትኩት!» ይላል፣ ደረቱን ይመታል፣ ከተበዳዩ በላይ ይቆጣል። ድንጋዩ የት ላይ እንዳረፈ ይጠይቃል። እሷ ግን ደግ አደረግሽ አላለች፣ ነውር ነው አላለች፣ ዓይኗን ተክላ ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላል አባባሉ፤ እሱስ እሺ፣ ግን ዝም ለማለት ዓመታት ሙሉ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል? ይህን እያሰብኩ እያለሁ ነው ጉድ የሆንኩት። ያ ዝምታዋ ባዶ ሆኖ ሲጠብቀኝ ጊዜ እሱን ለመሙላት ወሬዬን ቀጠልኩ፤ ከአውራ ዶሮው ተነሥቼ እንዴት እንደሄድኩ ሳላውቀው ሟቹ ባለቤቴ ዘንድ ደረስኩ። ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ ጫማውን ሲፈልግ ያሰማው የነበረውን ኮሽታ እያወራሁ በሻሼ አፍንጫዬን ስጠርግ ነቃሁ። «በይ ይበቃል! ጨዋታ ነው የተባልኩት» ብዬ ተነሣሁ። ልጅቷ ሙያ እንዳላት የገባኝ ያን ዕለት ነው። መፍራት የነበረብኝም ያን ዕለት ነበር።

ተማሪዎቹ ሊመረቁ ሲቃረቡ ለወራት ሰው መሀል ገብተው በአስተማሪ እየታዩ ይሠራሉ። እነሱ ፊልድ ይሉታል። ፊልዱን ሳያልፉ ምርቃት የለም። እና የማህሌት ፊልድ የት ቢደርስ ጥሩ ነው? እኛው ሰፈር! ክፍል የሰጣቸውስ ማን ነው? እድራችን! የትኛውን ክፍል? የእኔን ዕቃ ክፍል! ድስቶቼ ወደ እድሩ አዳራሽ ጥግ ወጥተው ሸራ ለበሱ፤ በቦታቸው ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ገባ።

ሌላ ቢሆን አዳራሹን እገለብጠው ነበር። ለልጄ ሲሆን ግን ራሴ ጠረግሁት፣ ራሴ ወለወልኩት፣ ሰው እንዳያፍር ብዬም ወፍራም መጋረጃ በገዛ እጄ ሰቀልኩበት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የሰፈሩ ጉዳይ እስከዚያ ቀን ድረስ በድስት በኩል ቀስ እያለ ነበር የሚደርሰኝ። ከእንግዲህ ግን ሰው ሁሉ ሆዱን ለማህሌት ይዘረግፋል፤ ማህሌት ደግሞ ማታ ማታ ወደ እኔ ቤት ነው የምትገባው። ምንጩ ጓሮዬ ፈለቀ ማለት አይደል? እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ዳገቱን እያለከለክሁ ወጥቼ አመስግኜ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጥብስ ሠርቼ ጠበቅኋት። እንዴት ዋልሽ? ደህና። ማን ማን መጣ? ሰዎች። ምን አሉ? «እቴቴ፣ እሱ ኮንፊደንሻል ነው።» ምን ማለት ነው ስላት ምስጢር ነው አለች። ምስጢርማ አውቃለሁ! ምስጢር ማለት ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ነገር ነው፤ ያ ሰውም ለአንድ ሰው ብቻ ይነግረዋል፤ እንዲህ እያለ በክብር ይሄዳል። የእሷ ግን ለማንም የማይነገር ነው። ለማንም! ለእኔም!

መቼም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አንድ የማይከሽፍ ዘዴ አለኝ፤ ሆን ብዬ ስህተት እናገራለሁ። ሰው የሚያውቀው ነገር ተሳስቶ ሲነገር ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ሳያርም አያድርም። ስለዚህ እንደ ዘበት «የነዚያ የላይኞቹ ቤት ጠብ መቼም በውርስ ነው» እላለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ በውርስ አይደለም!» ብሎ ይነሣና ጉዱን ሁሉ ያፈሰዋል። ማህሌት ግን «እቴቴ፣ ጨው ታቀብዪኛለሽ?» አለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብዬ ጠላ ቀዳሁላት። ጠጣች፣ አመሰገነች፣ ገብታ ተኛች። እኔ ነኝ ሳልተኛ ያደርኩት።

ይህንንም ቢሆን እችለው ነበር፤ ጫልቱ ባትመጣ።

ጫልቱ ጎረቤቴ ናት። ጎረቤት ስል እንዲሁ አይደለም፤ አጥራችን አንድ ነው። የተዋወቅነው ሰፈሩ ገና ከተማ ሳይሆን፣ እነሱ አሁን አስፋልቱ ያለበት ላይ ስንዴ ሲያርሱ ነው። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ስድቡን ብቻ ነው አጥርተሽ የያዝሽው ትለኛለች። ልጅ ስትፀንስ ከባሏ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ጥርሷን ልታስነቅል ስትሄድ አፏን ለሐኪሙ ከመክፈቷ በፊት ለእኔ ነው የከፈተችልኝ። እንግዲህ አንድ ቀን አዳራሹ ጥግ ድስቶቼን እያየሁ ነበር። (ያን ሰሞን ድስቶቹ እጅግ ብዙ መታየት ያስፈልጋቸው ነበር።) ጫልቱ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች፤ ዓይኗን ወዲህም ወዲያም ሳትል ያቺን ክፍል ገባች። በሩ ተዘጋ።

ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም! የተረገመ መጋረጃ! ከቆየች በኋላ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። «ጫልቱ! ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ተነሣሁ። «ውይ ብዙ፣ እዚህ ነሽ እንዴ? ምንም አልሆንኩ፤ አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለች። አቧራ! እኔ ራሴ የጠረግሁት ክፍል ውስጥ!

በሳምንቱ ደግማ መጣች። አሁን ደግሞ ስትወጣ እየሳቀች ነው፤ በሩ ላይ የማህሌትን እጅ ይዛ ትስቃለች። ልቅሶውን እንኳን ችዬው ነበር። ሳቁ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ቤቴ አስቀምጬ ያስተማርኳት ልጅ ጓደኛዬን ወሰደችብኝ፤ አብሬያት ያረጀሁ ጓደኛዬ ደግሞ ልጄን ወሰደችብኝ። ቅናት በአንድ በር ሲገባ ሌላውን በር ከፍተህ ታስወጣዋለህ። እኔ ላይ በሁለቱም በር ገባ፤ በየት በኩል ላስወጣው?

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጫልቱ ለእኔ የማትነግረኝ ምን ነገር ሊኖራት ይችላል? ዞርኩ ተመለስኩ፣ መልሱ አንድ ብቻ ሆነ፤ ስለ እኔ ነው። አስቀይሜያታለሁ፤ ከፍቷት ሄዳ ለገዛ ልጄ ታለቅሳለች። ግን በምን? ወንፊቷን ተውሼ ስለቀደድኩት ይሆን? የልጇ ምርቃት ዕለት ወጡ ጨው በዝቶበታል ያልኩት ይሆን? በዝቶበት ነበር እኮ! ወይስ ፀጉሯን ቀለም መቀባቷን ማኅበር ላይ ያነሣሁት? በመልካም ነው ያነሣሁት፤ ያምርባታል ነው ያልኩት፤ ማንም ስላላወቀ ነው የነገርኳቸው። ብቻ በደሌ በዛብኝና የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ቀድሜ ሽማግሌ ላክሁ።

ሁለት ሽማግሌ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቱሉ፣ ሁለተኛው የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሚካኤል። አባ መቼም ሥርዓት አዋቂ ናቸውና «ልጄ፣ ምን አጠፋሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እሱን አላውቅም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ብለን ይቅር በይ እንበላት?» ላጠፋሁት ሁሉ በሏት አልኩ፤ በጅምላ። ጋሽ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እኔ ሽምግልና ከጀመርኩ እርቁ ከጠቡ ቀድሞ የመጣበት ነገር አላየሁም» አሉ። ቢሆንም ሄዱ። ሰው እሺ የሚለኝ ስለሚወደኝ ነው፤ ወይም እሺ እስኪል ድረስ ስለማልለቀው።

የሆነውን ሁሉ የሰማሁት በአጥሩ በኩል ነው። ባልዲ ደፍቼ ላዩ ላይ ቆሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ደጃፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጫልቱ «ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ» ስትል «ቃላችንን ሳትሰሚን አንቀመጥም» አሉ። እንግዲህ ፍረዱ! ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያላት ሴት ቤት፣ ሁለት ሽማግሌ ጋቢ አጣፍተው አንቀመጥም ካሉ ምን ታስባላችሁ? ጫልቱ ድምፅዋ ተለወጠ። ወደ ጓዳ ዞራ ልጇን «ልብስሽን ቀይሪ!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ በለሰለሰ አንደበት «ከማን ቤት መጣችሁ?» አለች። ከብዙነሽ ቤት አሏት። «ብዙነሽ ደግሞ ምን ወንድ ልጅ አላትና?» ጋሽ ቱሉ ትንሽ አመነቱና «ለራሷ ነው» አሉ።

ባልዲው ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። አባ ነገሩን ሊያስተካክሉ ብለው «ልጄ፣ ብዙነሽ ተፀፅታለች። ለማህሌት ሄደሽ የነገርሻትን ነገር፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በያት» አሉ።

«ያ ረቢ!» አለች ጫልቱ። «ነገረቻት?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አባ ይህን ያሉት ለበጎ ነው፤ እኔም የላክኋቸው ለበጎ ነው፤ ግን ያቺ ሴት የሰማችው ሌላ ነው። ምስጢር ብላ የሰጠችው ነገር ሽማግሌ ይዞት ደጇ መጣ። ሽማግሌዎቹን እንኳን ሳታስቀምጥ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። የሄደችውም ወደ ማህሌት አስተማሪ ነው።

ማህሌት ከሰዓት በኋላ ገባች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ እስኪጣራ ያንን ክፍል እንዳትረግጪ ተብላለች። ምስጢር አውጥታ ከተገኘች ፊልዱ ይሰረዛል። ፊልዱ ከተሰረዘ ምርቃት የለም። አባቷ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ጠርቶ ጨርሷል። «እሱም ይቅር» አለችኝ። «ወይዘሮ ጫልቱ ከእንግዲህ ለማንም ሰው አትናገርም። ይሄ ነው ያቃጠለኝ። እኔ እኮ ምንም አልነገርኩሽም፣ አይደል እቴቴ?» አልነገርሽኝም! ከመጠን በላይ አልነገርሽኝም! «ታዲያ ሽማግሌዎቹ ከየት አመጡት?» ገምቼ ነው አልኳት። «ለምን?» አለች።

ይህን «ለምን» መስታወት ፊት የተለማመደችው አይደለም። እንደ ልጅነቷ ነው የጠየቀችኝ። እኔም «ቀናሁ» አልኳት። በማን ብትለኝ በሁለታችሁም አልኩ። አየችኝ፣ አየችኝና ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡባት። በመጨረሻ እጄን ይዛ «ነገ ስብሰባው ላይ መጥተሽ ምንም እንደማታውቂ ትናገሪልኛለሽ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታዘቡልኝ። የእድሩን ትልቅ ድስት በጀርባሽ አዝለሽ እንጦጦ ውጪ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። እኔ ብዙነሽ፣ ሰው ፊት ቆሜ፣ በገዛ አፌ፣ አላውቅም ልል! ስንት ዓመት የለፋሁበት ስም! ግን የወንድሜ ልጅ እጅ በእጄ ውስጥ ቀዝቅዟል። እሺ አልኳት።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። አስተማሪዋ መምህርት ሶስና ይሏታል፤ ቀጭን፣ እርጋታ ያላት ሴት ናት። ስታዳምጥ ልክ እንደ ማህሌት አንገቷን ትነቀንቃለች። ያ አነቃነቅ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝና፣ አታምኑኝም እንጂ፣ እዚያው ተቀምጬ በእሷም ትንሽ ቀናሁ። ጫልቱ ፊቷን ከእኔ አዙራለች። ሽማግሌዎቹ የተቀጡ ተማሪ መስለዋል። ተነሥቼ ቆምኩ። «እኔ ብዙነሽ፣ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አላውቅም» አልኩ። ጋሽ ቱሉ «እስቲ ድገሚው» አሉ። ሳይሰሙኝ ቀርተው አይደለም፤ ጣፍጧቸው ነው።

መምህርት ሶስና ግን በዚህ አልረካችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ አክስቷ ነዎት። ለእሷ ብለው ሊሉት ይችላሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን አላምነኝም። በራጉኤል ልምልልዎት ብዬ እጄን ሳነሣ አባ ተቆጥተው አስወረዱኝ። ማህሌት ጣቶቿን እርስ በርስ ቆልፋ መሬት መሬት ታያለች። ከንፈሯ ነጥቷል። በቃ፣ አለቀላት አልኩ። የልጄን ምርቃት የበላሁት እኔ ነኝ።

ይህን ጊዜ ጫልቱ ቀና አለች። «ብዙ» አለችኝ፣ «በዚህ ሰሞን ወፍጮ ቤት ሄደሻል?» ምን አገናኘው ብዬ «ሄጃለሁ» አልኳት። «ማኅበርስ?» ነበርኩ እኮ፣ አብረን አይደል የተቀመጥነው! «ከታች ለቅሶ ቤትስ?» ታዲያ ድንኳኑን ማን አስተከለው! ጫልቱ ወደ አስተማሪዋ ዞረች። «መምህርት፣ ልጅቷን ይተዉአት። አልነገረቻትም» አለች። እንዴት አወቁ ስትላት፣ «ይቺ ሴት የእኔን ነገር ሰምታ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ራሴ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ከማላውቀው ሰው እሰማው ነበር። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ማንም ምንም አላለኝም። አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?» አለች።

እኔ የሚቃወም ሰው ፍለጋ ዙሪያዬን አየሁ። ጋሽ ቱሉ «ይሄስ ማስረጃ ነው» አሉ። አባ ወልደ ሚካኤል ላይ ተስፋዬን ጣልኩ፤ ኑዛዜዬን የሚሰሙ አባት! «እውነት ነው» ብለው ጢማቸውን ዳሰሱ። መምህርት ሶስና ቀስ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ማህሌትስ? የገዛ ሥጋዬ! እሷም ነቀነቀች!

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ንዴት ወንበር ይሰብራል። እኔ ግን የልጅቷ ፊት ላይ ደም ሲመለስ አየሁና ንዴቴን ረሳሁት። አዳራሹ እስኪናጋ ዕልልታዬን አቀለጥኩት። ስሜን እዚያው ቀበርኩ፣ ልጄን እዚያው አስመረቅኩ።

ስንወጣ ጫልቱን በር ላይ ያዝኳት። ስለ እኔ ነው አይደል አልኳት። ሳቀች። «ስላንቺ ቢሆን ኖሮ ምን ቀጠሮ ያስይዘኛል? አጥሩ ላይ ወጥቼ እጮህብሽ ነበር እንጂ!» ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። «ብዙ፣ ላንቺ ብነግርሽ ከእኔ በላይ ታለቅሻለሽ። አንቺን ሳባብል የራሴን ሳላለቅሰው ይቀራል። አንድ ጊዜ እንኳን እኔው ራሴ ላልቅሰው ብዬ ነው» አለችኝ። ጉዳዩ ምን እንደነበር? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ብቻ ከክፍሉ ስትወጣ ፊቷ እየቀለለ ሄዷል፤ እሱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ማህሌት ተመረቀች። ፊልዷን ያለፈችውም በከፍተኛ ነው። መምህርት ሶስና ምርቃቱ ላይ መጥታ «ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ከእርስዎ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ምስጢር መጠበቅ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ልናስተምረው የማንችለው ነገር ነው» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳልለየው አመሰገንኩ። ከዚያ ያሰበችውን ነገረችኝ።

ይኸው ዘንድሮ አዳዲሶቹ ተማሪዎች ወደ ፊልድ ከመውጣታቸው በፊት በየተራ ምሳ እኔ ቤት ይበላሉ። አስተማሪዋ ለእያንዳንዳቸው አንድ ፈጠራ ታሪክ፣ የሌለ ሰው ምስጢር ትነግራቸዋለች። እነሱ ይበላሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ። ሳይናገር የወጣ አለፈ። ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እያወቅኩም ሆዴ ይቃጠላል። አንዲት የካራ ልጅ ሁለቴ አስጨምራ በላችና፣ ያችን የማትከሽፈዋን ዘዴዬን እንኳን ብጠቀምባት፣ «እትዬ ብዙነሽ፣ እጅዎ ይባረክ» ብላ እጇን ታጥባ ወጣች። አለፈች ብዬ ስናገር ጥርሴን ነክሼ ነው።

ቀጥሎ አንድ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ ልጅ መጣ። ለእጁ ውኃ ሳላፈስለት ጀመረው! ከጎረሰ በኋላማ ማን ያቆመዋል? እኔም ለሙያው ስል ጣልኩት፤ የጣልኩት ግን ምሳውንም ታሪኩንም ከጨረሰ በኋላ ነው። ጫልቱ ይህን በአጥሩ በኩል ሰምታ ኖሮ «ልጁ ምን አለሽ?» እያለች ዕረፍት ነሣችኝ። «ፈጠራ እኮ ነው፣ ሰውየውም የለም» ብላት «ባይኖርም ንገሪኝ!» ትላለች። ቅናት እንዴት እንደሚያንገበግብ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለምና አንጀቴ ተላወሰላት። አልነገርኳትም። ዝም ማለት ይህን ያህል እንደሚጣፍጥ ማን ነግሮኝ፤ ባውቅማ ኖሮ በልጅነቴ እጀምረው ነበር።